ጥቁር አሸዋ፣ አረንጓዴ አሸዋ፦ ሃዋይ ለመሄድ ለምታስቡ

ልጄ ጫማዋን አውልቃ ስትሮጥ አልከለከልኳትም። ባሕር አይቶ ጫማውን የማያወልቅ ልጅ የት ይገኛል? አሥር እርምጃ ሳትሄድ ጮኸች። አባቷ ሮጦ ደረሰላትና ተሸክሟት ወደ ኮኮናት ዛፎቹ ጥላ ገባ። ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስንበት። ውስጥ እግሯ ቀልቶ ነበር። ደግነቱ አልተላጠም።

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው። ቦታው ፑናሉኡ ይባላል። ሃዋይ ውስጥ፣ ቢግ አይላንድ በምትባለው ደሴት ላይ ያለ የጥቁር አሸዋ ባሕር ዳርቻ ነው። ጥቁር ነገር ፀሐይ እንደሚስብ ማን ያጣዋል። ያን ቀን ግን አሸዋው ከእሳት ላይ እንደወረደ ምጣድ ሊሆን እንደሚችል ጭራሽ አልታሰበኝም።

ስለዚህ ከሁሉም አስቀድሜ ይህን ልበል። ጥቁር አሸዋ ላይ ልጆቻችሁን ጫማ አታስወልቁ። በተለይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ። ነጠላ ጫማም ብዙ አይረዳም፤ በኋላ በኩል አሸዋውን እየዛቀ እግር ላይ ይረጨዋል። ተረከዝ የሚይዝ ሰንደል ወይም የውሃ ጫማ ይሻላል።

የምንኖረው ሲያትል ነው። ከዚያ ቢግ አይላንድ ላይ እስካለችው ኮና ከተማ በረራው 6 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሃዋይን ስናስብ ሁልጊዜ ነጭ አሸዋና ሆቴል ነበር የሚታየን። ሐሳባችንን የቀየረው እኔ ቢሾፍቱ ተወልጄ ማደጌ ነው። የሆራን፣ የባቦጋያን ሐይቅ ዳር የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። እነዚያ ሐይቆች ከመሬት ሥር የወጣ እሳት ከውሃ ጋር ተገናኝቶ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ልጅ ሆኜ ሬድ አሽ የጫኑ መኪኖች በሰፈራችን ሲያልፉ፣ ከላያቸው የሚወድቀውን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ እየለቀምን እንጫወት ነበር። የእግር መፋቂያም እናደርገው ነበር። በኋላ ነው ያ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተተፋ መሆኑን ያወቅሁት። ጥቁርና አረንጓዴ አሸዋ ያለባት ደሴት መኖሯን ስሰማ፣ ያ የልጅነት ድንጋይ ባሕር ዳር ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማየት ፈለግሁ።

ወደ ፑናሉኡ ልመለስ። በነጋታው በጠዋት ሄድን። 1 ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር። ሌላ ቦታ የሄድን ነው የመሰለን። አሸዋው ቀዝቅዟል። የቱሪስት አውቶቡስ አልመጣም። ፀሐይዋ ከባሕሩ በኩል ብቅ ብላ እርጥቡ አሸዋ ላይ ስታርፍ ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዘገንኩት። ኑግ ነው የሚመስለው። በደንብ የተበጠረ፣ የሚያብለጨልጭ ኑግ።

እንዴት ጥቁር ሆነ? ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ቅልጥ ዓለት፣ ላቫ የሚባለው፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ድንጋዩ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይፈነዳና ይደቅቃል። ብርጭቆ አግሎ ውሃ ውስጥ መክተት ማለት ነው። ሞገዱ ደግሞ ያንን ስባሪ እየፈጨ አሸዋ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጥቁር አሸዋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊፈጠር የሚችለው።

የሚጠፋውም እንደዚያው ነው። ቅልጥ ዓለቱ ወደ ባሕር መፍሰሱን ካቆመ አዲስ አሸዋ አይመጣም። ባሕሩ ያለውን ቀስ እያለ ይወስደዋል። በዚያችው ደሴት ላይ ካይሙ የሚባል በጣም የታወቀ የጥቁር አሸዋ ዳርቻ ነበር። በ1990 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከኪላዌያ እሳተ ገሞራ የወረደው ላቫ ካላፓና የተባለውን መንደር ሲያጥለቀልቅ አብሮ ቀበረው። በ2018 ደግሞ ያው ኪላዌያ ፈንድቶ ከ700 በላይ ቤቶች ወደሙ። በዚያው ጊዜ ፖሆይኪ በሚባል ቦታ፣ ቀድሞ ጀልባ የሚወርድበት ወደብ ላይ፣ አዲስ ጥቁር ዳርቻ ተፈጠረ። እኔ ፖሆይኪ ላይ ቆሜ ነበር። ከልጄ በዕድሜ የሚያንስ ባሕር ዳርቻ ነው። የጀልባው መውረጃ ያኔ ከአሸዋው ኋላ ተዘግቶ ነበር። ያንን ሳይ ደስታና ኀዘን አንድ ላይ መጣብኝ። እኛ ፎቶ የምናነሳበት አሸዋ የሰው ቤት የበላው እሳት ያመጣው ነው። እዚያ ስትሄዱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የአካባቢው ሰው ሐዘኑን ገና አልረሳም።

ፑናሉኡ ላይ ሌላው ትልቅ ነገር ኤሊዎቹ ናቸው። ሃዋዮች «ሆኑ» ይሏቸዋል። ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ልጄ መጀመሪያ ያየችውን ድንጋይ ነው ብላ ልትቀመጥበት ነበር። ድንጋዩ ዓይኑን ገለጠ።

ኤሊ አሸዋ ላይ ተዘርሮ ስታዩ የታመመ ወይም የሞተ ይመስላችኋል። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች አዝነውለት ውሃ ሊያፈሱበት፣ ወደ ባሕር ሊገፉት ተነሡ። እንዳትሞክሩት። ኤሊው ፀሐይ እየሞቀ እያረፈ ነው። ከውሃ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁ የባሕር ኤሊዎች በዓለም ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው ያሉት፤ ሃዋይ አንዱ ነው። ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፤ ምልክት ወይም የታሰረ ገመድ ካለ እሱን አክብሩ። ፎቶ ለማንሳት ስልካችሁን ዙም አድርጉ። ከፊት ለፊቱ ቆማችሁ ወደ ባሕር የሚመለስበትን መንገድ አትዝጉበት። እኛ ኮኮናት ጥላ ሥር ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል አየናቸው። ልጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ስልክ ሳትነካ ስትቀመጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ዋና ለሚያስቡ ደግሞ፤ ፑናሉኡ ለልጅ ዋና የሚሆን ቦታ አይደለም። ከውሃው በታች ስለታም ዓለት አለ፤ ባሕሩም ወደ ውስጥ ይስባል። የሚገርመው፣ ውሃው ውስጥ እግራችሁን ስትነክሩ አንዳንድ ቦታ በረዶ የሆነ ቅዝቃዜ ይነካችኋል። ከባሕሩ ወለል ሥር ጨው የሌለው የምንጭ ውሃ ይፈልቃል። የጥንት ሃዋዮች ቅል ይዘው እየጠለቁ ያንን ንጹሕ ውሃ ይቀዱ ነበር። የቦታው ስምም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቅል ይዞ ውሃ መቅዳት! ይህን ሳነብ ሴት አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ከዚያው ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሃዋይ ከኢትዮጵያ 13 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስንሆን ቢሾፍቱ ላይ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ለመደወል የሚመች ሰዓት ነው፤ እራት ተበልቶ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት።

«አንቺ ልጅ፣ አሸዋ ለማየት ነው ይህን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው?» አለችኝ።

«ጥቁር ነው እኮ እማዬ!»

«ጥቁር ድንጋይ እዚህ ሞልቶልሽ የለም?»

እውነቷን ነው። የአገራችን ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከወጣ እንዲህ ዓይነት ቅልጥ ዓለት የተሠራ ነው። ላሊበላም የተፈለፈለው ከእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። አፋር ያለው ኤርታሌ ደግሞ በዓይነቱ ከሃዋይ እሳተ ገሞራዎች ጋር አንድ ነው። ተመራማሪዎች ኤርታሌ ላይ ሸካራውን ላቫ «ኣኣ»፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን «ፓሆይሆይ» ሲሉ የሚጠቀሙት የሃዋይን ቃል ነው። እኛ ጋ የጎደለው ይህን ድንጋይ የሚፈጭ ሞገድ ነው።

ስለ ቀይ አሸዋ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከቢግ አይላንድ በፊት ማዊ የምትባለው ደሴት ላይ ሦስት ቀን ነበርን። እዚያ ሃና በሚባል ከተማ አጠገብ ካይሃሉሉ የሚባል ቀይ ዳርቻ አለ። ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ነው። በቃ ሬድ አሽ ነው፤ ያው የቢሾፍቱው። እስከ መንገዱ መጀመሪያ ሄድን። ጠባብ ነው፣ በገደል ጠርዝ ላይ ነው፣ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። ሰዎች ወድቀው ተጎድተውበታል። መንገዱ በግል ይዞታ ውስጥ እንደሚያልፍና መግባት ክልክል እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም ነበር። ባለቤቴን አየሁት፤ አየኝ። ልጃችንን ይዘን ተመለስን። እስካሁን አልቆጨኝም። ኢንተርኔት ላይ የሚያምር ፎቶ ስላያችሁ ብቻ አትግቡ።

እዚያው አካባቢ ዋይአናፓናፓ የሚባል መናፈሻ አለ። ጥቁር ጠጠርና አሸዋ፣ አጠገቡም አረንጓዴ ቅጠል፣ ሰማያዊ ባሕር። ለቤተሰብ ይሻላል። ግን ከሃዋይ ውጭ የመጣ ሰው አስቀድሞ ኦንላይን ቀንና ሰዓት መያዝ አለበት። ሳይዙ የመጡ ሰዎች ከበር ሲመለሱ አይተናል። የሃና መንገድ ከ600 በላይ መታጠፊያ አለው ይባላል። ያንን ሁሉ ተጠማዝዞ ከበር መመለስ ያሳዝናል። መኪና ውስጥ የሚያቅለሸልሸው ካለ መድኃኒት ይዋጥ።

ነጩን አሸዋም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፈውም። ቢግ አይላንድ ላይ ሃፑና የሚባል ሰፊ ነጭ ዳርቻ አለ፤ ልጃችን እንደ ልቧ የዋኘችው እዚያ ነው። ነጩ አሸዋ የተሰባበረ ኮራልና ዛጎል ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው በዓሣ ሆድ ያለፈ ነው። አፉ እንደ በቀቀን የሆነ ባለ ቀለም ዓሣ አለ። ኮራሉ ላይ ያለውን አልጌ ሲግጥ ኮራሉንም አብሮ ይበላል። ሆዱ ውስጥ ይፈጨዋል፤ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ትልቅ ዓሣ በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ያወጣል። ልጄ ይህን ከሰማች በኋላ የነጭ አሸዋ ቤት መሥራት ትታ ስትስቅ ዋለች።

አሁን ወደ አረንጓዴው። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ለእሱ ነው።

ስሙ ፓፓኮሌያ ነው። የደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው፤ በአሜሪካ 50 ግዛቶች ውስጥ ከሁሉ ደቡብ የሆነው ቦታ አጠገብ። እንደዚህ ዓይነት አረንጓዴ ዳርቻ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ 19 ኪሎ ሜትር ያህል በጠባብ አስፋልት ትወርዳላችሁ። ነፋሱ ያለማቋረጥ ከአንድ ወገን ስለሚነፍስ ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኝተው አድገዋል። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። ያንን ሳይ ገና ከመኪና ሳልወርድ ቦታው ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ መኪና አቁማችሁ በእግር ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። መመለሻውም እንደዚያው ነው። አቀበት የለውም ማለት ይቻላል። ጥላ ግን የለም። ውሃ የለም። ሱቅ የለም። አንድ ዛፍ እንኳ የለም። ቀይ አቧራ በነፋስ ይነሣል፤ ዓይን ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ በፒክአፕ አድርሰን እንመልሳችሁ የሚሉ ሰዎች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። ብዙ ሰው ከፍሎ ይሄዳል። መሬቱ ግን በ1921 በወጣ ሕግ ለሃዋይ ተወላጆች የተከለለ መሬት ነው። በመኪና መሄድም ክልክል ነው። መንገድ የሚመስለውን ስታዩ ምክንያቱ ይገባችኋል። መኪኖቹ እያረሱት አንዳንዱ ቦታ ጉድጓዱ የሰው ቁመት ያህላል። ሳሩ ጠፍቷል፤ የጥንት ሰዎች የሠሩት የድንጋይ ምልክት ሳይቀር ተጎድቷል።

ከአንድ ቀን በፊት ናአሌሁ በምትባል ትንሽ ከተማ ፍራፍሬ ከምትሸጥ ትልቅ ሴት ጋር አውርተን ነበር። እዚያ አገር ታላቅን ሰው በስሙ አይጠሩም፤ «አንቲ»፣ «አንክል» ይላሉ። እኛ እትዬ፣ ጋሼ እንደምንለው። ይህ በጣም ደስ አለኝ። «አንቲ፣ ወደ አረንጓዴው አሸዋ በምን እንሂድ?» አልኳት። «እግር አላችሁ አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ፓፓያ ቆርጣ ለልጄ ሰጠቻትና፣ አያቶቿ እዚያ ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ነገረችን። «መሬቱ ደክሟል» አለች። ከዚህ በኋላ በመኪና መሄድ እንዴት ይታሰባል?

በእግር ሄድን። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ለእያንዳንዳችን 2 ሊትር ውሃ ይዘን ነበር፤ ለልጃችን አንድ ሊትር ተኩል። ሁሉም አልቋል። ስኒከር ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ ከገመድ ጋር፣ መነጽር፣ ቀለል ያለ ረጅም እጅጌ። ባርኔጣዬ ገመድ ስላልነበረው ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነፋስ ይዞት ሄደ። ነጠላዬን ተከናንቤ ቀጠልኩ፤ እንዲያውም ከባርኔጣው ተሻለኝ። ስንቃችን ቆሎና ከናአሌሁ ዳቦ ቤት የገዛነው ጣፋጭ ዳቦ ነበር። ያ ዳቦ ቤት ራሱን የአሜሪካ ደቡባዊው ዳቦ ቤት ይላል፤ ታሮ ከሚባለው ሥራ ሥር የተሠራ ሐምራዊ ዳቦ አላቸው። ስታልፉ አትለፉት።

የሄድንበት ፍጥነት በልጅ እርምጃ ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀብን። ከዚያ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከታች ግማሽ ክብ የሆነ ገደል፤ ገደሉ ሥር አረንጓዴ።

ፎቶ አይታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እወቁ። ከላይ ስታዩት እንደ ፎቶው ደማቅ አይደለም። ፎቶዎቹ ላይ ቀለም ይጨመራል። እውነተኛው ቀለም ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ወይራ ቅጠል የሚሄድ ነው። ባለቤቴ «ይሄ ነው?» አለ። እኔም ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ወርደን ውሃው ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሞገዱ ሲመለስ የሚተወው እርጥብ አሸዋ ላይ አረንጓዴው ይወጣል። በመዳፌ ይዤ ፀሐይ ላይ ሳደርገው እያንዳንዱ ፍሬ ብርሃን ያሳልፋል። መስተዋት ነው። ወርቃማ አረንጓዴ የሆነ መስተዋት።

ኦሊቪን ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከወይራ ነው። ብረትና ማግኒዥየም ያለበት ማዕድን ነው። ተለቅ ብሎና ጠርቶ ሲገኝ ፔሪዶት ተብሎ ለጌጥ ይሸጣል። ከዳርቻው ኋላ ያለው ጉብታ ፑኡ ማሃና ይባላል፤ ከ49,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ ጉብታ ነው። ባሕሩ ግማሹን በልቶታል። ከጉብታው የሚወድቀው ነገር ሁሉ አረንጓዴ አይደለም፤ አመድ አለ፣ ጥቁር ስባሪ አለ። ሞገዱ ግን ቀላል ቀላሉን ይወስዳል። ኦሊቪን ከባድ ስለሆነ ይቀራል። እናቶቻችን እህሉን በሰፌድ ሲያንገዋልሉት ማለት ነው። ባሕሩ 24 ሰዓት ሙሉ ያንገዋልላል። ለልጄ እንደዚያ ብዬ ነገርኳት። ሰፌድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ጊዜ ወሰደብኝ፤ በባርኔጣዋ ነው ያሳየኋት።

ጉብታው አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ አረንጓዴው ዳርቻም አይኖርም።

ስለ ገደሉ መውረጃ ልንገራችሁ። አጭር ነው፣ ግን ቁልቁል ነው። ሁለት እጅ ነጻ ይሁን፤ ዕቃ በጀርባ ይታዘል። ሲወርዱ አንዱ አዋቂ ከታች፣ ልጅ መሐል፣ ሌላው ከላይ። ጉልበት የሚያመው ሰው ከላይ ሆኖ ቢያይ ምንም አይቀርበትም፤ እንዲያውም ዳርቻው በሙሉ ከላይ ነው የሚታየው። ባሕሩ ውስጥ ከጉልበት በላይ አልገባንም። የሕይወት አድን ሠራተኛ የለም። ሞገዱ በጥፊ ይመታል፣ ሲመለስም ይጎትታል። ስልክ ብዙ ቦታ ላይ አይሠራም። አንድ ነገር ቢፈጠር እርዳታ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ከሄዳችሁ ከሰዓት በፊት ሂዱ፣ የምትመለሱበትን ጉልበት አስቀሩ። ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር፤ ልጃችን የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር የሄደችው በአባቷ ትከሻ ላይ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ቦታው ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ለሌላው ዝግጅት ጥቂት ልበል። ያለ ኪራይ መኪና አይሆንም፤ ደሴቲቱ ሌሎቹ የሃዋይ ደሴቶች ሁሉ ቢደመሩ ትበልጣቸዋለች። ከኮና እስከ ፑናሉኡ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ዳርቻዎች ካኡ በሚባለው የደቡብ ክፍል ወይም ቮልኬኖ መንደር ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላል። እኛ ኮና አድረን ስለተመላለስን ነው የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ የደረስነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ስትገዙ ዚንክ ያለበትን ያዙ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበት ቅባት ኮራል ስለሚጎዳ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ቡና ወዳጆች ደግሞ የካኡንና የኮናን ቡና ቅመሱ። ቡና ኮና የገባው በ1828 ነው፤ ያው ከእኛ ዘር የመጣው አረቢካ ነው። ጥሩ ነው። በእኛ አፈላል ብናፈላው የበለጠ እንደሚሆን አምናለሁ፤ ጀበና ግን አልያዝንም ነበር።

አውሮፓ ያላችሁ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ የለባችሁም። የግሪኳ ሳንቶሪኒ ፔሪሳና ካማሪ የሚባሉ ጥቁር ዳርቻዎች አሏት። ቀዩ ዳርቻዋ ግን ከላዩ ድንጋይ ስለሚናድ ከሩቅ ቢታይ ይሻላል። የስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ ላይም ጥቁር አሸዋ ሞልቷል። ጣሊያን ሰርዲኒያ አጠገብ ቡዴሊ የምትባል ደሴት ሮዝ ዳርቻ ነበራት፤ ጎብኚው እየዘገነ ሲወስድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ መርገጥ ተከልክሏል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ልጄን ይመለከታል። ፓፓኮሌያ ላይ ከባዶ የውሃ ጠርሙሷ ውስጥ አረንጓዴ አሸዋ ሞልታ አገኘኋት። ለመምህሯ ልታሳይ ነው። ሃዋይ ውስጥ ከባሕር ዳርቻ አሸዋም ድንጋይም መውሰድ በሕግ ክልክል ነው። ፔሌ የምትባለው የእሳተ ገሞራ እመቤት ትቆጣለች ብለው የሚፈሩም አሉ። ከእርግማኗ ለመዳን ሰዎች የወሰዱትን ድንጋይ በፖስታ የሚመልሱት እዚያው ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ልጄን ግን በእርግማን ማስፈራራት አልፈለግሁም።

«ጉብታው ስንት ቀረው?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችው። ብዙ አላወራችም። ጠርሙሱን ይዛ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄደችና ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ከዚያ የአባቷን ስልክ ወስዳ መዳፏ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች በጣም ተጠግታ ፎቶ አነሣቻቸው። ከመውጣታችን በፊት ጫማችንንና ካልሲያችንን እዚያው አራገፍን።

ማታ ፎቶውን ለእናቴ በቴሌግራም ላክሁላት። ቢሾፍቱ ነግቶ ነበር። ድምፅ ቀርጻ መለሰችልኝ።

«ይሄማ ጥሬ ቡና ነው! ታጥቦ የተሰጣ ጥሬ ቡና። ቀለሙን እይው እስቲ።»